የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውበት በምን ይለካል?

ለመሆኑ አንድ ቤተ ክርስቲያን አማረ ወይም አስጠላ የምንለው በምን መስፈርት ነው? በኒው ሆፕና በአካባቢው ለምንኖር ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉን። የመጀመሪያው ቅዳሴ በ1915 እ.ኤ.አ. የተቀደሰበት የሴንት ፖል ካቴድራል የፈረንሳይ ተወላጁ የኢማኑኤል ማስክሬ ሥራ ነው፤ በግራናይቱና በመዳብ ጉልላቱ ማማር ብዙም ክርክር አይነሳም። ማርሴል ብሮየር የነደፈውንና በ1961 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን የኮሌጅቪሉን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ሰው «ፋብሪካ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም በመሐንዲስ ዓይን ግድግዳውን ይመልከቱት። ወረቀት ሲታጠፍ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ ኮንክሪቱም ታጥፎ ጣሪያውን ተሸክሟል። በመሆኑም ምእመኑን ከመንበሩ የሚጋርድ የዓምድ ረድፍ የለም። ሕንፃው የተሠራው ቅዳሴው ለሁሉም እንዲታይ ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ግን መቅደሱ በመጋረጃ ይሰወራል፤ ስለዚህ ያው ሕንፃ ለዚያ ሥርዓት አይመችም። እንግዲህ ውበት ከአገልግሎት አይነጠልም ማለት ነው። በስደት አገር ከሌላ እምነት ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ የምናዋጣ ሁሉ፣ «ጉልላት አለው ወይ?» ከማለታችን በፊት «ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ የት ይሆናሉ?» ብለን እንጠይቅ። ጉልላት በኋላም ሊጨመር ይችላል፤ የማይሆን ቦታ የቆመን ዓምድ ማንሳት ግን ከባድ ወጪ ነው።