የገጠመ ቅንድብ፣ የተጠለፈ ሱሪ

በሙዚየም መግለጫ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍምና በጆሯችሁ ልንገራችሁ። ፈትሕ አሊ ሻህ በፋርስ በነገሠበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1797–1834) በዘይት ቀለም የተሣሉት እነዚያ ቆነጃጅት፣ አብዛኞቹ የማንም መልክ አይደሉም። የትልቅ ቤት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ነበረች፤ ባዕድ ወንድ ፊቷ ተቀምጦ መልኳን ሊሥል? የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ጨፋሪዋን፣ ሙዚቀኛዋን፣ በእጇ ቆማ የምትገለባበጠውን ሣለ። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም እንዲህ ያለች አንዲት ተገልባጭ አለች። እግሯ ወደ ሰማይ፣ ፊቷ ግን ሻይ እንደምትጠጣ ሰው የረጋ ነው።

ፊቱማ ያው አንድ ነው፦ ክብ ገጽ፣ ትልልቅ ዓይን፣ ትንሽ አፍ። ያንኑ ፊት ጢም ላላበቀለ ጎረምሳም ይሰጡታል፤ ወንድ ይሁን ሴት ልብሱን ካላያችሁ የምትቸገሩበት ሥዕል ሞልቷል።

ጌጡና ኩሉ ግን እውነት ነው። የገጠመው ቅንድብ የሠዓሊ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ሴቶቹ ወስማ በሚባል ቅጠል እያጠቆሩ ያገናኙት ነበር። ጣት ላይ ሂና፣ ፊት ላይ ነጭ ዱቄትና ቀይ፣ ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ፀጉር ላይ የሉል ጉንጉን። ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለችው ስስ የፀጉር ጥላ ሳትቀር እንደ ውበት ትቆጠር ነበር፤ የታሪክ ምሁሯ አፍሳነህ ናጅማባዲ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ጽፈውበታል።

አሁን ወደ ሱሪው ልውሰዳችሁ፤ እኔ የምወደው ይህን ነው። በዘመኑ መጀመሪያ ሥዕሎች ላይ ሴቶቹ የለበሱት ሱሪ ሰፊና ድርቅ ያለ፣ እግርን ምሰሶ የሚያስመስል ነው። ጨርቁ በሰያፍ በተደረደሩ ትናንሽ አበቦች ባዶ ቦታ እስኪጠፋ የተጠለፈ፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው። ፋሽኑ ሲያልፍ ሱሪው ተተረተረ፤ ቁራጩም ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በነጋዴዎች አፍ «የፋርስ ሰደርያ» ተባለ። የሴት ሱሪ ሰደርያ ሆኖ ተሸጠ ማለት ነው! ሥዕሎቹ ባይኖሩ ስንቱ ሰው ይህን ይጠረጥር ነበር?

ከ1848 እስከ 1896 የነገሠው ናስረዲን ሻህ ደግሞ ፎቶግራፍ ወዳድ ነበር፤ የራሱን ሐረም ሴቶች በራሱ እጅ ያነሳ ነበር። በቴህራን ጎሌስታን ቤተ መንግሥት የተቀመጡትን አልበሞች ያየ ሰው ይደነግጣል። የሥዕሎቹ ቀጭን ወገብ የለም፤ ወፋፍራም፣ የሰለቻቸው፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ እውነተኛ ሴቶች ናቸው። በአጭር ጉርድና በነጭ ካልሲ ታዩአቸዋላችሁ። ጉርዱን ንጉሡ በ1873 አውሮፓ ሄዶ ባሌት አይቶ አመጣው ይባላል። ወሬው ይጣፍጣል፤ እኔ ግን አልምልበትም።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ የዚያን ዘመን ሥዕል ይዞ «ልዕልት እገሊት ናት» ካላችሁ፣ ለስሙ ብላችሁ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ። ለሱሪዋ ከሆነ ተከራከሩ።