ብረት የሚበላ አረፋ

ደብረ ወርቅ ላይ የተጣደ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይሞላ፣ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ከተማዋ ደጋ ላይ ናትና አየሩ ውኃውን የሚጫንበት ክብደት ቀሏል። ለወጥ ሠሪ ጉዳቱ የማገዶ ነው። ተርባይን ለሚነድፍ መሐንዲስ ግን የዓመታት ራስ ምታት ነው።

ውኃ ለመፍላት የግድ እሳት አይፈልግም፤ ግፊቱ ከወረደ ቀዝቃዛውም ይፈላል። 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ ግፊቱ 2.3 ኪሎፓስካል ሲደርስ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በተርባይን ክንፍ ጀርባ የሚሾልክ ፈጣን ውኃ እዚያ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊት ካለበት ስፍራ ሲደርሱም በቅጽበት ይፈርሳሉ። ብረት ተጠግቶ የሚፈርስ አረፋ ቀጭን የውኃ ፍላጻ ወደ ብረቱ ይወረውራል። ምቱ ሲደጋገም ብረቱ ይደክማል፣ ይፈረፈራል፣ ይቦረቦራል። ከማሽኑ አጠገብ የቆመ ሰው በቧንቧው ውስጥ ጠጠር የሚወርድ ይመስለዋል።

ይህን የአረፋ መፈጠርና መፍረስ ካቪቴሽን ይሉታል። መጀመሪያ ያስቸገረው መርከበኞችን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ዴሪንግ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የታሰበላትን ፍጥነት አላገኝ ያለችው በዚሁ ሰበብ ነው። አረፋ ሲፈርስ የሚፈጠረውን ግፊት እ.ኤ.አ. በ1917 በስሌት ያሳየው ሎርድ ሬይሊ ነው።

ዋናው መላ ተርባይኑን ከመውጫው ውኃ አንጻር ዝቅ አድርጎ መትከል ነው፤ ከላዩ ያለው ውኃ ግፊት ይጨምርለታል። በደብረ ወርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚያ የሚተከል ተርባይን ጠረፍ ላይ ካለው አቻው ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ዝቅ ማለት አለበት። ቁፋሮው፣ አለት ከሆነ በተለይ፣ ገንዘብ ይበላል። የሕዳሴ ግድብ ያለበት ጉባ ቆላ ስለሆነ 13 ተርባይኖቹ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። የእነሱ ፈተና ሌላ ነው፦ የሐይቁ ወለል ከ590 እስከ 640 ሜትር ከፍታ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ለአንድ የውኃ ከፍታ የተቀረጸ ክንፍ ደግሞ ለሌላው አይመችም።

ከዚህ ላይ አፈሩ ይጨመራል። የጎጃም ማሳ አፈር በክረምት ተጠርጎ ዓባይ ይገባል። በደለሉ ውስጥ ያለ ጠንካራ አሸዋ ብረትን ይፍቃል፤ የተፋቀው ሸካራ ገጽ ደግሞ ለአረፋ ይመቻል። ሁለቱ ሲተባበሩ ጥፋቱ ከእያንዳንዳቸው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን ከጣና ስለሚቀዳ አብዛኛው ደለል ሐይቁ ውስጥ ይቀርለታል። ጅረት ላይ የሚሠራ ትንሽ ማመንጫ ግን እንዲህ ያለ ሐይቅ የለውም፤ ደለል ማስቀሪያ ገንዳ መቆፈር፣ ገንዳውንም በየጊዜው መጥረግ ግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ጠረጋው ነው።

ክንፎቹ ዛሬ በአብዛኛው 13 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ኒኬል ካለው የማይዝግ ብረት ይሠራሉ። የተቦረቦረውን በብየዳ ሞልቶ መሞረድ ይቻላል፤ ሆኖም ቅርጹ የቀድሞውን ካልመሰለ፣ ብየዳው የተወው ጉብታ ራሱ አዲስ አረፋ ይፈለፍላል።