ሪች ሂል፦ 14 ክለቦችን የዞረ ክንድ

እ.ኤ.አ. በ2015 አጋማሽ ሪች ሂል ክለብ አልነበረውም። ዕድሜው 35 ነበር፤ ብዙ የቤዝቦል ወርዋሪዎች በዚህ ዕድሜ ጓዛቸውን ይሸክፋሉ። እሱ ግን በየትኛውም የትልቁ ሊግ ክለብ ሥር ላልሆነ ሎንግ አይላንድ ዳክስ ለተባለ ቡድን ፈረመ። በሁለት ጨዋታ 11 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት 21 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ክለብ ያጣል? መልሱ ያለው በሊጉ አሠራር ውስጥ ነው። በአሜሪካው ሜጀር ሊግ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በአብዛኛው የውድድር ዘመን ለጨዋታ የሚያሰልፉት ከ26 ተጫዋቾች መካከል ነው። ከሥራቸው ማይነር ሊግ የሚባሉት የታች ቡድኖች አሉ። አንዱ ወርዋሪ ሲጎዳ ሌላው ከታች ይጠራል፤ የተጎዳው ሲድን የተጠራው ይመለሳል፣ አለዚያም ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዝርዝር የወጣን ተጫዋች ክለቡ በሰባት ቀን ውስጥ ለሌላ ክለብ ያስተላልፈዋል፣ ያሰናብተዋል፣ ወይም ፈላጊ ካጣ ወደ ታች ይልከዋል። በላይና በታች መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት ደግሞ ያስደነግጣል፤ በ2023 በሜጀር ሊግ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 720,000 ዶላር ሲሆን፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ 35,800 ዶላር ብቻ ነበር። ያውም በእጥፍ ካደገ በኋላ! ስለዚህ ከክለብ ክለብ የሚዞር ተጫዋች ሁሉ ችሎታ ያነሰው አይደለም። ሊጉ ራሱ፣ በተጠራ ሰዓት ክፍተት ሞልቶ ሲበቃ የሚሸኝ ሰው ይፈልጋል።

ቦስተን ውስጥ በ1980 የተወለደው ግራኙ ሂል ጅማሬው ያማረ ነበር። ቺካጎ ከብስ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መልምሎት በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜጀር ሊግ ገባ፤ በ2007 ደግሞ 11 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ከዚያ ኳሱ አልታዘዝ አለው። በ2009 ትከሻው፣ በ2011 ክርኑ በቀዶ ጥገና ተሠራ። ባልቲሞር፣ ቦስተን፣ ክሊቭላንድ እያለ ዞረ።

ከሁሉ የከበደው ግን ከሜዳ ውጭ የደረሰበት ነው። በ2013 መጨረሻ የተወለደው ሁለተኛ ልጁ አንጎሉንና ኩላሊቱን የሚጎዳ ሕመም ነበረበት፤ ሁለት ወር ገደማ ኖሮ አረፈ። ሂልና ባለቤቱ ሐዘናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለሕክምና ምርምርም ገንዘብ አሰባስበዋል። በ2014 ኤንጀልስ ለተባለው ክለብ ሁለት ጨዋታ ገብቶ አንድም መቺ ሳያስወጣ ቀረ። የስታቲስቲክስ መዝገብ ይህን ውጤት ብቻ ነው የያዘው። በምን ልብ ሜዳ እንደቆመ የሚነግረን ዓምድ የለውም።

ከዳክስ በኋላ ቦስተን ሬድ ሶክስ መልሶ አስፈረመውና በወቅቱ ፖታኬት ወደነበረው የታች ቡድኑ ላከው። እዚያ ብራያን ባኒስተር የተባለ የቀድሞ ወርዋሪና የመረጃ ተንታኝ አነጋገረው። የሂል ፈጣን ኳስ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረች፤ ለዚህ ሊግ ይህ አያስፈራም። የተለየ ሀብቱ መቺው ዘንድ ስትደርስ ወደ ታች የምትታጠፈው ከርቭ ኳሱ ናት። የባኒስተር ምክር አጭር ነበር፦ ደጋግመህ ወርውራት። ሂል ፍጥነቷንና አጣጣሏን እየለዋወጠ ከሚወረውራቸው ኳሶች ግማሽ ያህሉን ከርቭ አደረገ። መስከረም 13 ቀን 2015 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ታምፓ ቤይን ገጥሞ በሰባት ኢኒንግ አንድ ምት ብቻ ፈቅዶ አሥር መቺዎችን በስትራይክ መለሰ። ኦክላንድ 6 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው፤ በ2016 መጨረሻ ዶጀርስ ለሦስት ዓመት በ48 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ሥራ አጥ ከነበረበት ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ገንዘቡ መጣ እንጂ ዕድል ሙሉ በሙሉ አልታረቀችውም። በነሐሴ 2017 ፒትስበርግ ላይ ስምንት ኢኒንግ ሙሉ ማንንም ወደ ቤዝ ሳያስደርስ ወረወረ። በዘጠነኛው የቡድን ጓደኛው ኳስ ስቶ አንድ ሯጭ ቤዝ ያዘ። ዶጀርሶች ደግሞ አንድ ነጥብ እንኳ አላስቆጠሩለትምና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ አለፈ። በአሥረኛው ጆሽ ሃሪሰን ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ጣላት፦ 1 ለ 0። በዚያች ምሽት የተመታበት ይኸው አንድ ምት ብቻ ነበር።

ከዶጀርስ በኋላም ሚኒሶታ፣ ታምፓ፣ ኒው ዮርክ ሜትስ፣ ፒትስበርግ፣ ሳንዲያጎ እያለ ቀጠለ። በ2024 የዓመቱን መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የልጁን ቡድን አሠለጠነና በነሐሴ ወደ ቦስተን ተመለሰ። በሐምሌ 2025፣ በ45 ዓመቱ፣ የካንሳስ ሲቲ ሮያልስን ማሊያ ለብሶ ሥራውን በጀመረበት በቺካጎ ሜዳ ከብስን ገጠመ። 14ኛ ክለቡ ነበር፤ በዚህም በብዙ ክለቦች በመጫወት የወርዋሪው ኤድዊን ጃክሰንን ክብረ ወሰን ተጋራ። አምስት ኢኒንግ ወረወረ። ከዚያ አንድ ጨዋታ ጨመረና ሮያልስ ከዝርዝሩ አወጣው።