ቫይረሱ መድኃኒቱን ሲለምድ፦ ከመርካቶ የሚነሣ የሃያ ዓመት ጥያቄ

ይህ ኪኒን እስከ መቼ ይሠራልኛል? ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መርካቶ ላይ ደግሞ ጥያቄው ብቻውን አይመጣም። ለበዓል አገር ቤት ወርጄ ቢያልቅብኝስ? ሌሊት ዕቃ ላወርድ ወጥቼ ሰዓቱ ቢያልፍስ? ጎረቤቴ ብልቃጡን ቢያይብኝስ? ሐኪሞች የመድኃኒት መላመድ የሚሉት ችግር የሚጀምረው እንዲህ ካሉ የዕለት ጉዳዮች ነው። በአገራችን ጉዳዩን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያጠኑት የቆዩ ሰዎች አሉ። ሥራቸውን ተከታትሎ ላነበበ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ መላመድን የታካሚው ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ከመጋዘን ተነሥቶ ታካሚው እጅ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ሲቋረጥ ነው።

መርካቶ ራሱ መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው እዚህ ከተከሉት ወዲህ መርካቶ ያለበት አዲስ ከተማ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰውና ዕቃ ማራገፊያ ሆኗል። አውቶቡስ ተራ፣ የእህሉ በረንዳ፣ የጭነት መኪናው፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ያሉት መጠጥ ቤቶች፣ ሁሉም በሚመጣና በሚሄድ ሰው የቆሙ ናቸው። ቫይረሱም አገሪቱን የዞረው በዚሁ መስመር ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በተመዘገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በዋና ዋና የንግድ መንገዶች ላይ በተደረገ ጥናት ከረጅም ርቀት ሾፌሮች 13 በመቶው፣ በሴተኛ አዳሪነት ከሚተዳደሩት ሴቶች ደግሞ 17 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል።

መድኃኒቱ ሲመጣም መጀመሪያ የመጣው በሻንጣ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስልካል፤ ሲላክ ይወስዳል፣ ሲያልቅ ያቆማል። አብረው መወሰድ ያለባቸውን ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች አሟልቶ የሚያገኝ ጥቂት ነበር። በ1995 ዓ.ም. መንግሥት በክፍያ የሚሰጥ ሕክምና በጥቂት ሆስፒታሎች አስጀመረ። ከዚያ በጥር 1997 ዓ.ም. ነፃ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በነርሶች እጅ መሰጠት ጀመረ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን በባሕር ማዶ ብርቱ ክርክር ነበር። መድኃኒቱ ለአፍሪካ በብዛት ቢላክ ሰው በአግባቡ ስለማይወስደው ዓለምን በሙሉ የሚያሰጋ የተላመደ ቫይረስ ይፈለፈላል የሚሉ ነበሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናቺዮስ ብዙ አፍሪካውያን ሰዓት አይተው የማያውቁ በመሆናቸው መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ይቸግራቸዋል የሚል ንግግር አሰምተው ብዙ ተወቅሰዋል። በመርካቶው አንዋር መስጂድ አዛንና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቀኑን ለሚከፋፍል፣ የሌሊቱን ሰዓት እንኳ ከምሽቱ 12 ጀምሮ ለሚቆጥር ሕዝብ እንዲህ ማለት የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። መልሱን ጥናት ሰጠው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች 77 በመቶ፣ በሰሜን አሜሪካ 55 በመቶ ነበሩ።

ስጋቱ ግን መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ቫይረሱ እንዴት እንደሚባዛ ማወቅ ይጠቅማል።

ኤችአይቪ መድኃኒት በማይወስድ ሰው ደም ውስጥ በቀን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቅጂዎችን ያወጣል። የሚገለብጠው ኢንዛይም ደግሞ የጻፈውን መልሶ አያይም። ብራና የሚገለብጥ ቸኳይ ጸሐፊ ፊደል እንደሚገድፍ፣ እሱም በየቅጂው ላይ ይገድፋል። አብዛኛው ግድፈት ቅጂውን ያበላሸዋል። አንዳንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ይለውጠዋል። ኬ103ኤን የሚባለው ለውጥ አንድ ነጠላ ግድፈት ነው፤ ኔቪራፒንና ኢፋቪረንዝ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሁለቱንም ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ኤም184ቪ የሚባለው ለውጥ ላሚቩዲን የተባለውን ሌላ መድኃኒት ያሰናክላል። ሦስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አንዱን የሚያመልጥ ቅጂ በሌሎቹ ሁለት ይያዛል፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ቅጂ መፈጠሩ እጅግ አነስተኛ ዕድል ነው። ቫይረሱ ካልተባዛ ደግሞ አይገለበጥም፣ ካልተገለበጠም አይለወጥም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ዘንድ መላመድ እምብዛም የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው ያለው ማቋረጡ ላይ ነው፣ በተለይ በቀድሞዎቹ መድኃኒቶች። ኔቪራፒንና ኢፋቪረንዝ ከሰውነት ቶሎ አይወጡም። ከእነዚህ አንዱን ከሌሎች ሁለት ጋር የሚወስድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ቢያቆም ሌሎቹ ሁለቱ በአጭር ጊዜ ይጠፋሉ፤ ኔቪራፒኑ ወይም ኢፋቪረንዙ ግን ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደም ውስጥ ብቻውን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ቫይረሱ እንደገና መባዛት ይጀምራል፤ የሚጠብቀውም አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ ግድፈት የሚሸነፍ። ታካሚው ምንም ሳያውቀው አንድ መድኃኒት ብቻ እንደሚወስድ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ሥራ ይገባል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ኢፋቪረንዝን የሚያጣራው የጉበት ኢንዛይም፣ ሲዋይፒ2ቢ6 የሚባለው፣ በዘረ-መል ልዩነት ምክንያት ከሰው ሰው እንደሚለያይ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎችን ጨምረው አጥንተዋል። ኢንዛይሙ ቀርፋፋ የሆነበት ሰው በተመሳሳይ ኪኒን ደሙ ውስጥ ብዙ መድኃኒት ይከማቻል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ይበረታበታል። ሲያቋርጥም ያ ብቸኛ መድኃኒት ከሌላው ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይበታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ወስደው እኩል ቀን ያቋረጡ ሁለት የመርካቶ ነጋዴዎች አንድ ዓይነት አደጋ ላይ አይደሉም። ይህን ጤና ጣቢያ ውስጥ ቆሞ መለየት አይቻልም።

ሰው ለምን ያቋርጣል? በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በጣም የሚነገርለት ምክንያት ጸበል ነበር። እንጦጦ ላይ ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር፤ አንዳንድ አጥማቂዎችም እንዲያ ይሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ውጭ ያሉት ምክንያቶች ያን ያህል አይወራላቸውም፤ የመኪና ሒሳብ ማጣት፣ በባዶ ሆድ መድኃኒት መዋጥ አለመቻል፣ ለባል ሳይነግሩ መጀመር፣ በሚኖሩበት ሰፈር እንዳይታወቁ ራቅ ብለው መመዝገብ። መርካቶ ሰው የሚበዛበትና ማን ከየት እንደመጣ የማይታወቅበት በመሆኑ ለብዙዎች መሸሸጊያ ነው። በዚያው ልክ ሰው ከመዝገብ ጠፍቶ የሚቀርበትም ሰፈር ነው። ዶክተር ይበልጣል አሰፋና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአገሪቱ የሕክምና መርሐ ግብር ዋና ፈተና ታካሚን ማቆየት እንደሆነ፣ ይህም ከጤና ተቋም ጤና ተቋም እንደሚለያይ አሳይተዋል። ልዩነቱ ከተቋም ወደ ተቋም ከሆነ፣ ተጠያቂው ታካሚው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ነፃው መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ቫይረሱን ማጥናት የጀመሩ ተመራማሪዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ግቢ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ይሠራ ነበር፤ በአቃቂና በወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። በዚያ ፕሮጀክት ዙሪያ የሠሩት ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ በኋላ በዚያው ግቢ ያለውን ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም መርተዋል፤ ከዚያም መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገውን የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር። ፕሮጀክቱ በአገራችን የሚሰራጨው ሲ የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ መሆኑንና እሱም ሁለት ንዑስ ዘሮች እንዳሉት ካረጋገጡት አንዱ ነው። ይህ ዝርዝር የላቦራቶሪ ሰዎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ግን መነሻውን የማያውቅ ሰው ለውጡን ሊለካ አይችልም።

ነፃው ሕክምና በተጀመረበት ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወልደአረጋይ እርቁ፣ ከዶክተር ዳዊት ወልዳይና ከሌሎች ጋር ሆነው በከተማዋ የእርግዝና ክትትል ከሚያደርጉ ሴቶች በተወሰደ ደም ላይ ጥናት አደረጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴ ነበር የተጠቀሙት። ወጣትና የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነች ሴት ቫይረሱ ከያዛት ብዙ ጊዜ እንደማይሆናት ይገመታል፤ እሷ ላይ የተላመደ ቫይረስ ከተገኘ መድኃኒት ሳትወስድ ከሌላ ሰው ተላልፎባት ነው። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ ከ5 በመቶ በታች። የሻንጣው ዘመን ከተፈራው ያነሰ ጠባሳ ትቶ ነበር።

መነሻው እንዲህ ከተለካ በኋላ የመጣው ዐሥር ዓመት ነው የሚያስቆጨኝ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድኃኒት ጀመሩ፤ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ግን በመደበኛነት አይለካም ነበር። ሐኪሙ የሚያየው ክብደትንና ሲዲፎር የሚባሉትን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር ነበር። ሲዲፎር ደግሞ የሚወርደው ዘግይቶ ነው፤ መድኃኒቱ መሥራት ካቆመ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ካለፈ በኋላ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ታካሚው የማይሠራ ኪኒን እየዋጠ፣ ቫይረሱም አንዱን ግድፈት በሌላው ላይ እየጨመረ ይኖራል። ገንዘብ አልነበረም፣ መሣሪያ አልነበረም የሚለው መልስ እውነት ነው። መድኃኒቱን መጀመር መለኪያውን ከመጠበቅ ይሻል ነበር የሚለውም እውነት ነው። ቢሆንም የቫይረሱን መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ በስፋት ወደ ጤና ጣቢያዎች የደረሰው ከ2008 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ መሆኑ ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በከተሞች በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን ከሚያውቁት 97 በመቶ ያህሉ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ከነዚህም ቫይረሱ የተገታላቸው 88 በመቶ ያህሉ ናቸው። ለዚያ አስቸጋሪ ጅምር ይህ የሚያኮራ ነው። የቀሩት 12 በመቶ ግን በአገር ደረጃ ሲታሰቡ ትንሽ ቁጥር አይደሉም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩን የለወጠው ዶሉቴግራቪር የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ከቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ጋር በአንድ ኪኒን የሚሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል ምክር ሰጥቶ ነበር፤ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ለኔቪራፒን ዓይነቶቹ የተላመደ ቫይረስ ያለባቸው 10 በመቶ በደረሱበት አገር መድኃኒቱ ይቀየር የሚል። ዶሉቴግራቪር መጀመሪያ ላይ ለሚያረግዙ ሴቶች ስጋት አለው ተብሎ ተገድቦ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ስጋቱ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ ገደቡ ተነሣ። ዶሉቴግራቪርን ለማሸነፍ አንድ ግድፈት አይበቃም። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 እ.ኤ.አ. ካሰባሰበው አገር አቀፍ ናሙና በስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያጠና የነበረው ዳዊት አሰፋ ከባልደረቦቹ ጋር የ460 ሰዎችን ቫይረስ መረመረ፤ ዶሉቴግራቪርን የሚያሰናክል ለውጥ አንድም አላገኙም። አዲሱ መድኃኒት የገባው በንጹሕ ሜዳ ላይ ነበር።

የዚሁ ተመራማሪ ሌላ ሥራ ግን ወደ ሰባተኛና ወደ አውቶቡስ ተራ አካባቢ መጠጥ ቤቶች ይመልሰናል። በ2020 እ.ኤ.አ. በ16 ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት 18.7 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ከመካከላቸው መድኃኒት ላይ ሆነው ቫይረሱ ያልተገታላቸው በርካታ እንደሆኑ፣ የመድኃኒት መላመዱም ከፍተኛ እንደሆነ ዳዊትና ባልደረቦቹ በ2022 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከከተማ ከተማ የምትዘዋወር፣ ሌሊት የምትሠራና ቀን የምትተኛ ሴት የጠዋት ቀጠሮ እንደማይመቻት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር።

ለእንዲህ ያለ ኑሮ የተሻሻለው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ከኪኒኑ ይልቅ ቀጠሮው ነው። ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተረጋጉ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ፈቅዳለች፤ በአፍሪካ ይህን በስፋት ከጀመሩት ቀዳሚ ናት። መርካቶ ውስጥ ላለ የጎጃም በረንዳ ነጋዴ ይህ ሱቁን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ዘግቶ ይሄዳል ማለት ነው። ችግሩ የተረጋጋ የሚባለው ቫይረሱ የተገታለት ሰው በመሆኑ ነው። ቫይራል ሎዱ ከፍ ያለበት ለምክርና ለክትትል ቶሎ ቶሎ እንዲመላለስ ይጠየቃል። ምልልስ የሚከብደው ሰው ይበልጥ እንዲመላለስ መደረጉ ሕክምናው ያልፈታው ቋጠሮ ነው።

ዶሉቴግራቪርም ቢሆን የማይበገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ጥናት ባደረጉ አገሮች ለዶሉቴግራቪር የተላመደ ቫይረስ ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ ተገኝቷል፤ ቫይረሱ ሳይገታላቸው ከቀድሞ መድኃኒት ወደ አዲሱ በተዛወሩት ዘንድ ደግሞ እስከ 19.6 በመቶ ደርሷል። እንዲህ ያለ ጭማሪ ሊመጣ የሚችለው የቫይረሱ መጠን ሳይለካ፣ ማን እንደተገታለትና ማን እንዳልተገታለት ሳይታወቅ ኪኒኑ ሲቀየር ነው።

በዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ዕርዳታ ድንገት ሲታገድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። መድኃኒቱ ራሱ ሕይወት አድን ተብሎ እንዲቀጥል ተፈቅዶ ነበር። ቀጠሮ ላለፈበት ሰው የሚደውለው፣ ሰፈር ድረስ ሄዶ የሚፈልገው፣ የደም ናሙናውን መዝግቦ የሚልከው ሠራተኛ ግን ከሄዱት መካከል ነው። የመላመድ ምርመራ ራሱ፣ ማለትም የቫይረሱን ፊደል አንብቦ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው፣ ዛሬም በአብዛኛው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዙር መድኃኒት አልሠራ ብሏቸው ወደ ሦስተኛው መስመር ለሚሄዱት ጥቂቶች የሚሠራ ነው። ስለዚህ በአዲስ ከተማ ኪኒኑ እስከ መቼ እንደሚሠራለት የሚጠይቅ ሰው ለጊዜው የሚያገኘው መልስ የሚመጣው ከዓመታዊው የቫይራል ሎድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ መምጣቱን የሚከታተል ሰው እስካለ ድረስ።