በጃቫስክሪፕት ድራይቨር ውስጥ ቋሚ ቁጥር የት ይቀመጣል?

በዚህ እትም ድራይቨርን፣ ማለትም ሴንሰርን ከፕሮግራማችን ጋር የሚያነጋግረውን ኮድ፣ በጃቫስክሪፕት ስንጽፍ ቋሚ ቁጥሮች የት እንደሚቀመጡ እናያለን። ምሳሌያችን ቢኤምፒ280 የተባለው የአየር ግፊት ሴንሰር ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው ኤስፕሩይኖ።

የዚህን ቺፕ 208ኛ ሬጂስተር (የመረጃ መሳቢያ በሉት) ስናነብ 88 ይመልሳል። 96 ከመለሰ ግን እርጥበትም የሚለካው ወንድሙ ቢኤምኢ280 ነው ማለት ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ገበያ ላይ አንዱ በሌላው ስም ይሸጣል፤ ይቺን ቁጥር ቀድሞ ማየት ብዙ ድካም ያድናል። ነገር ግን ኮዱ ውስጥ ባዶውን 88 ብለን ብንተወው ከእኛ ቀጥሎ የሚያነበው ተማሪ ምኑን ያውቃል? ስም ያስፈልገዋል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። «ኮንስት»ን በቀጥታ በክላሱ አካል ውስጥ መጻፍ አይቻልም፣ ስህተት ይላል። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) የጃቫስክሪፕት ደንብ ወዲህ «ስታቲክ» ብሎ ስሙንና ቁጥሩን ማስከተል ይቻላል። ትንንሽ ቦርዶች ግን አዲሱን ሁሉ አይቀበሉም። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው የቆየውን መንገድ ነው፦ ክላሱ ከተዘጋ በኋላ የክላሱ ስም፣ ነጥብ፣ የቋሚው ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ቁጥሩ። ሜቶድ ውስጥ ስንጠራውም የክላሱን ስም እናስቀድማለን። (ኪቦርድ ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) ደግሞ ልብ በሉ፣ «ስታቲክ» ማለት የክላሱ ንብረት ነው ማለት እንጂ አይለወጥም ማለት አይደለም። እንዳይነካ ከፈለግን፣ ቦርዱ የሚቀበለው ከሆነ፣ ክላሱን «ፍሪዝ» እናደርገዋለን።

ትልቁ ጥያቄ ግን የትኛው ቁጥር ቋሚ ይባል የሚለው ነው። 208ንና 88ን የወሰነው ፋብሪካው ነው፤ ክላሱ ውስጥ ይግቡ። የቦታ ከፍታ ግን አይገባም። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ። ካርቱም ላይ 380ን ቋሚ አድርጎ የጻፈ ሰው ቦርዱን አዲስ አበባ ወስዶ የባሕር ወለል ግፊት ቢያሰላ፣ ታይቶ የማይታወቅ አውሎ ነፋስ የመጣ ይመስለዋል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ሲነሳ ስንቱ ዕቃ በሻንጣ ከካርቱም እንደወጣ እናውቃለን፤ ቦርድም ከሰው ጋር ይሰደዳል። ከፍታውን ተጠቃሚው ኦብጀክቱን ሲፈጥር ይስጥ።

አድራሻውስ? እሱ መሃል ላይ ነው። ኤስዲኦ የሚባለው ፒን ግራውንድ ላይ ሲታሰር 118፣ 3.3 ቮልት ላይ ሲታሰር 119 ይሆናል። ሁለቱንም በስም ክላሱ ላይ አስቀምጡና ምርጫውን ለተጠቃሚው ተዉለት። እንዲህ ከሆነ ሁለት ሴንሰር በአንድ ጥንድ የመረጃ ሽቦ ላይ፣ በአንዱ ድራይቨር ይሠራሉ።