ባክቲ፤ ፍቅርና ናፍቆት በሕንድ ቅኔ

ሰው አምላኩን ከልቡ ቢወድ የመጨረሻ ምኞቱ ምንድን ነው? ጠብታ ውሃ በባሕር ውስጥ እንደሚጠፋ ከአምላኩ ጋር አንድ መሆን ነውን? ወይስ ለየብቻ ሆኖ ሲወደው መኖር? የሕንድ ባለቅኔዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ከሺህ ዓመት በላይ ተቀኝተውበታል። እኔም ስለ እነርሱ ካነበብሁት ጥቂቱን ለአንባቢዎቼ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሕንድ አገር አምላክን በፍጹም ፍቅር መውደድ «ባክቲ» ይባላል። ቃሉ የተገኘው ማካፈልና መካፈል የሚል ትርጉም ካለው የሳንስክሪት ግስ ነው። ይህ መንገድ በመጀመሪያ ያበበው በደቡብ ሕንድ በታሚሎች ዘንድ ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ በኋላ ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ባለቅኔዎቹ የሊቃውንቱን ሳንስክሪት ትተው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ስለ ገጠሙ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ እንኳ ዜማቸውን በቃሉ ያዘው።

ቪሽኑ የተባለውን አምላክ ካመሰገኑት ዐሥራ ሁለት የታሚል ቅዱሳን መካከል ሴት አንዳል ብቻ ናት። ቲሩፓቫይ የተባለው ባለ 30 አንጓ ድርሰትዋ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ማለዳ ዛሬም ይዜማል። አንዳል ራስዋን የአምላክ ሙሽራ አድርጋ ትቈጥር ነበር፤ በአፈ ታሪክም በሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ ከአምላክዋ ጋር ተዋሕዳ ተሰወረች ይባላል።

በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የራጃስታን ልዕልት ሚራባይም ክሪሽናን ባልዋ አድርጋ ዘመረችለት። ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው የፍቅር ዘፈን ነው ይላል፤ ወርቁ ግን የነፍስ ናፍቆት ነው። ሕንዶች ይህን የመለየት ሥቃይ «ቪራሃ» ይሉታል። የተለየ ሰው ዘወትር የወዳጁን ስም ስለሚጠራ፥ በእነርሱ ዘንድ ናፍቆት ራሱ አንድ ዓይነት መገናኘት ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት በባናራስ ከተማ የኖረው ካቢር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ካቢር ያደገው በሙስሊም ሸማኔዎች ቤት ነው። አምላክ መልክ የለውም፤ የሚገኘውም በልብ ውስጥ ነው እያለ የሂንዱውንም የእስላሙንም መምህር ነቀፈ። በእርሱ ዘንድ ከአምላክ ጋር አንድ የሚኮነው «እኔ» ማለት ሲቀር ነው። ብዙ ግጥሞቹ በ1604 በተዘጋጀው የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል፤ ራቢንድራናት ታጎርም መቶውን በእንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1915 አሳትሞአል።

እንግዲህ ሙሽራዋና ሸማኔው ተለያዩን? እኔ እንደሚመስለኝ አልተለያዩም። ልዕልቲቱ የዘር ክብርዋን ተወች፤ ሸማኔው «እኔ» ማለትን ተወ። ሰውን ከአምላኩ የሚለየው ትዕቢት ሰውን ከሰውም ይለየዋል። ስለዚህ ነው ቆዳ በመሥራት ይተዳደር የነበረው ራቪዳስ «ርኩስ» ከሚባል ወገን ተወልዶ ሳለ ከታላላቆቹ ቅዱሳን የተቈጠረው።

ሆኖም ቅኔ ብቻውን የዘርን አጥር አላፈረሰም። ሰውን «የማይነካ» ብሎ መለየት በሕግ የተሻረው ከ1950 ጀምሮ በጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ካቢርን በቃሉ የሚያዜም ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም ማለት ነው። መካፈል የሚለው የባክቲ ትርጉም የሚፈተነው በዚያ ገበታ ላይ ይመስለኛል።