የሰሊጥ ኤሌክትሮኒክ ግብይት በመተማ

የሰሊጥ ኤሌክትሮኒክ ግብይት በመተማ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚመረተው ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በኮምፒውተር ጨረታ የሚሸጥበት አሠራር ነው። ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ገዥው ሰሊጡን በዓይኑ ሳያይ፣ በእጁም ሳይዘግን በኩንታል ዋጋ ያቀርባል። ሻጩ በበኩሉ ገንዘቡን የሚቀበለው በባንክ ሂሳቡ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ሻጭ ወሳኙ ሥራ ያለው ከኮምፒውተሩ ፊት አይደለም። የሰሊጡ ደረጃ የሚወሰነው ከጨረታው በፊት ነው፤ በማሳ ላይ፣ በማበጠሪያው ዘንድና በመጋዘኑ በር።

ቦታውና ሰብሉ

መተማ ዮሐንስ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ፣ ከሱዳኗ ጋላባት ከተማ ፊት ለፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎንደር በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት እዚያው የወደቁትን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ያስታውሳል። የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ስትሆን፣ ከመተማ ወረዳ ሌላ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ በዞኑ ውስጥ ይገኛሉ። አካባቢው ሞቃት ቆላ ነው። ዋና ሰብሎቹ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ናቸው፤ ከዱሩ ደግሞ ዕጣን ይሰበሰባል።

ማሽላው ቤት ይበላል፣ ሰሊጡ ግን የሚዘራው ለገበያ ነው። ክረምቱ ሲገባ ተዘርቶ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ለዚህ ሠራተኛ ደመወዝና ቀለብ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሽያጩ በፊት መገኘት ስላለበት፣ ብዙ ገበሬ ወደ አጨዳ የሚገባው ዕዳ ይዞ ነው። በሱዳን በኩል ነጋዴ ለገበሬ አስቀድሞ ገንዘብ ሰጥቶ ዕዳውን በምርት የሚቀበልበት «ሸይል» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ምርት ከመድረሱ በፊት በርካሽ መሸጥ ወይም በከፍተኛ ወለድ መበደር በኢትዮጵያም በኩል እንግዳ ነገር አይደለም። አስቀድሞ የተሸጠ ሰሊጥ ጨረታው ምንም ያህል ቢያስከፍል ባለቤቱን አይጠቅመውም።

ከጩኸት ወደ ኮምፒውተር

ጨረታ ለድንበሩ ሕዝብ አዲስ አይደለም። ከጋላባት ወደ ውስጥ የምትገኘው የሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ በሰሊጥና በማሽላ ጨረታ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ በዚያ ነጋዴዎች ናሙናውን እያዩ ዋጋ ይጠራሉ። በኢትዮጵያ በኩል ግን ለረጅም ጊዜ የነበረው ገበያ በትውውቅ፣ በደላላና በሚዛን ላይ የቆመ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዋጋ መተማ ሳይሰማ ቀናት ያልፉ ስለነበር፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ነጋዴ ገና ካልሰማው ገበሬ ላይ ያተርፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሐሳቡን በመምራትና የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ በመሆን የሚታወቁት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብይቱ በአዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በጩኸት ይካሄድ ነበር። ገዥና ሻጭ ዋጋ እየጠሩ ይከራከራሉ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይመታሉ። እጅ መምታት ከከብት ገበያ ጀምሮ የሚታወቅ የስምምነት ምልክት በመሆኑ ተገበያዩ ለመልመድ ብዙ አልተቸገረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ደንብ ሰሊጥን በምርት ገበያ በኩል ከሚሸጡ ምርቶች ውስጥ አስገባ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጩኸቱ በኤሌክትሮኒክ ግብይት መተካት ጀመረ። ቀጥሎም እንደ ሀዋሳና ሁመራ ባሉ ከተሞች የግብይት ማዕከላት ተከፈቱ፤ ለመሸጥ የግድ አዲስ አበባ መገኘትም ቀረ።

ገዥ ያላየውን ዕቃ መሸጥ

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተጀመረው ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ከመጀመሪያው አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረበት። የማላውቀው ሰው ያላየሁትን ዕቃ ሲሸጥልኝ በምን አምነዋለሁ? ኢቤይ ለዚህ የሰጠው መልስ የዕቃው ፎቶግራፍና ገዥዎች ስለ ሻጩ የሚሰጡት አስተያየት ነው። ሰሊጥ ግን በፎቶግራፍ አይሸጥም፤ የሻጭ መልካም ስምም በጆንያ ውስጥ ያለውን አፈር አያስቀርም። ስለዚህ የምርት ገበያው መልስ ሌላ ነው። ሰሊጡ መጀመሪያ ወደ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ በጨረታው ላይ የሚቀርበው ደረጃው እንጂ የባለቤቱ ስም አይደለም።

ጭነቱ መጋዘን ሲደርስ ከተለያዩ ጆንያዎች ናሙና ይወሰዳል። መርማሪው የሚያየው ባዕድ ነገርን (አፈር፣ ጠጠር፣ ገለባ፣ የሌላ ሰብል ዘር)፣ እርጥበትን፣ ቀለምን፣ የተበላሸና በነፍሳት የተጎዳ ፍሬን፣ ሽታንም ጭምር ነው። የመተማ ሰሊጥ የሚመደበው «የሁመራ ጎንደር» በሚባለው ነጣ ያለ ዓይነት ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ዓይነት በውጭ ገበያ ለዳቦና ለጣሂኒ ይፈለጋል። «የወለጋ» የሚባለው ለብቻው ይመደባል፤ በብዛት የሚፈለገውም ለዘይት ነው።

ገበሬው ገንዘብ የሚያገኝበት ወይም የሚያጣበት ዋናው ቦታ እዚህ ላይ ነው። የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ በክምር (በአካባቢው አጠራር «ሂላ») ቆሞ ይደርቃል፣ ከዚያም ተገልብጦ ይራገፋል። ማራገፉ በባዶ መሬት ላይ ከሆነ ፍሬው አፈር ይዞ ይነሳል። ሸራ ላይ ከሆነ ንጹሕ ይወጣል። የአንድ ሸራ ዋጋ ከአንድ ደረጃ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሆኖም በጥድፊያና በገንዘብ እጥረት ወቅት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ሸራ ነው። ሳይደርቅ የተራገፈ ሰሊጥም በጆንያ ውስጥ ይሻግታል፣ ሽታውና ቀለሙም ይለወጣል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሻጭ 100 ኩንታል ጭኖ ከውስጡ ከመቶ አራቱ ባዕድ ነገር ቢሆን፣ 4 ኩንታል አፈርና ገለባ ለመሸከም የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ የቀረው 96 ኩንታል ጥሩ ሰሊጥ ዝቅ ባለ ደረጃ ይሸጣል። ከመጫን በፊት በማበጠሪያ ማሽን ማሳለፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ከተለያየ ማሳ የመጣ ሰሊጥን መቀላቀልም ጉዳት አለው፤ አንድ እርጥብ ጆንያ የሌሎቹን ናሙና ያበላሻል። ሻጭ በምርመራው ውጤት ካልተስማማ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ የሚገባው ሰሊጡ በመጋዘን ተቀባይነት አግኝቶ ከመፈረሙ በፊት ነው።

ማን ይሸጣል

ጥቂት ኩንታል ያለው ገበሬ በቀጥታ ወደ ጨረታው አይገባም። አንዱ መንገድ በቅርቡ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ገበያ ፈቃድ ላለው አቅራቢ መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ወዲያው ይገኛል፣ የዋጋው ለውጥ ትርፍም ኪሳራም ግን የአቅራቢው ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ምርቱን ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ማስረከብ ነው። ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው የብዙ ገበሬዎችን ሰሊጥ በአንድነት ያቀርባሉ፤ ትርፉም በትርፍ ክፍፍል መልክ ለአባላት ይመለሳል፣ ምንም እንኳ ክፍፍሉ ሲዘገይ አባላት ማማረራቸው የተለመደ ቢሆን። ሰፊ መሬት የሚያለሙ ባለሀብቶችና አቅራቢዎች ደግሞ ራሳቸው መጋዘን ያስገባሉ።

ወደ መጋዘን ለማስገባት የንግድ ወይም የአምራችነት ማስረጃ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል። በጨረታው ትእዛዝ የሚሰጡት በዋናነት የምርት ገበያው አባላት ናቸው፤ አባል ያልሆነ ሻጭ ከአገናኝ አባል ጋር ውል መዋዋል ይችላል። ከመዋዋል በፊት ኮሚሽኑን፣ የመጋዘን ኪራዩንና ሌሎች ተቀናሾችን ጠይቆ መጻፍ ይጠቅማል። በስክሪን የታየው ዋጋ እጅ የሚገባው ዋጋ አይደለምና።

ጨረታው እንዴት ይካሄዳል

ብዙ ሰው ጨረታ ሲባል የሚያስበው አንድ ሻጭ ዕቃ አውጥቶ ብዙ ገዥ ዋጋ ሲያንር ነው። ይኸኛው ከሁለት ወገን የሚካሄድ ጨረታ ነው። ብዙ ሻጮች የሚሸጡበትን ዝቅተኛ ዋጋ፣ ብዙ ገዥዎችም የሚገዙበትን ከፍተኛ ዋጋ በተመሳሳይ ሰዓት ያስገባሉ፤ ኮምፒውተሩም ያገናኛቸዋል። እያንዳንዱ ምርት የራሱ የግብይት ሰዓት አለው። ቡና በፈረሱላ (17 ኪሎ ግራም)፣ ሰሊጥ ደግሞ በኩንታል ይጠራል።

ለማስረዳት ብቻ በተወሰዱ ቁጥሮች፣ ሦስት ሻጮች በኩንታል 9,000፣ 9,100 እና 9,250 ብር ጠየቁ እንበል። አንድ ገዥ እስከ 9,100 እገዛለሁ ካለ መጀመሪያ 9,000 ከጠየቀው፣ ከዚያ 9,100 ከጠየቀው ጋር ይገናኛል። 9,250 ያለው ይጠብቃል። ሌላ ገዥ ከመጣ ያገኛል፣ ካልመጣ በዚያ ቀን ሳይሸጥ ይውላል። በእኩል ዋጋ ቀድሞ የገባ ትእዛዝ ይቀድማል።

ስለዚህ ሻጭ ለአገናኝ አባሉ የሚሰጠው ትእዛዝ ግልጽ መሆን አለበት። «በገበያው ሽጥልኝ» ማለትና «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሽያጩን ያፋጥናል፣ ሁለተኛው ዋጋውን ይጠብቃል። ትእዛዙ በጽሑፍ ቢሆን በኋላ ጭቅጭቅ አይመጣም። ዋጋ በአንድ ቀን ከተወሰነ ወሰን በላይ እንዳይወጣም እንዳይወርድም ገደብ ይደረጋል።

ግብይቱ ከተፈጸመ በኋላ የገዥው ገንዘብ በባንኮች በኩል ወደ ሻጩ ሂሳብ በማግስቱ እንዲገባ ተደርጎ ሥርዓቱ ተዘርግቷል። ዱቤ ሽጦ ወራት ለጠበቀ፣ ወይም ጭራሽ ለተካደ ነጋዴ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ዋጋውን የሚወስነው

የሰሊጥ ዋጋ በመተማ ዝናብ ብቻ አይወሰንም። ከኢትዮጵያ ሰሊጥ አብዛኛውን የምትገዛው ቻይና ናት፤ እስራኤልም ለጣሂኒ የሁመራን ዓይነት የምትፈልግ የቆየች ደንበኛ ናት። ሱዳን፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ሕንድ ተወዳዳሪ አምራቾች በመሆናቸው የእነሱ መከር ሲጠግብ እዚህ ይቀዘቅዛል።

ለአዲስ ሻጭ ግራ የሚያጋባው ሌላው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ሰሊጥን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝተው በኪሳራ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራውን በዚያ ዶላር ባስገቡት ሌላ ዕቃ ያካክሱታል። የአገር ውስጥ ዋጋ ከውጭው የበለጠበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ተለውጧል። ስለዚህ የዛሬ አራት ዓመትን ዋጋ ይዞ የዘንድሮን መተንበይ አያዋጣም።

ጠብቆ መሸጥ

መከር እንደተሰበሰበ ሁሉም አብሮ ስለሚሸጥ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። መጠበቅ የሚችል ሰው ምርጫ አለው። መጋዘን የገባ ሰሊጥ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፣ ደረሰኙም ለባንክ ብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ሻጩ ሰሊጡን ሳይሸጥ የአጨዳውን ዕዳ ከፍሎ የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ደረሰኙ የጊዜ ገደብ አለው፣ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል፣ የብድሩም ወለድ አለ። ዋጋው ከእነዚህ ድምር በላይ ካልጨመረ መጠበቁ ኪሳራ ነው።

መንገድና መስመር ሲቋረጥ

ኤሌክትሮኒክ ግብይት መንገድ፣ መብራትና ኔትወርክ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የሁመራን ገበያ አናጋ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር መተማ የስደተኞች መግቢያ በር ሆነች። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት በአብዛኛው ክልል ተቋረጠ፤ የገንዳ ውሃና የጎንደር መንገድም ለጭነት መኪና አስተማማኝነቱን አጣ።

እንዲህ ባለ ጊዜ በማሳና በቤት የተቀመጠ ሰሊጥ መጋዘን መድረስ ስለማይችል፣ ባለቤቱ ወይ በአካባቢው በተገኘ ዋጋ ይሸጣል ወይ ያስቀምጠዋል። በድንበር በኩል በሕገ ወጥ መንገድ የሚወጣ ሰሊጥም አለ። መጋዘን የደረሰው ግን በሌላ ሁኔታ ላይ ነው። ባለቤቱ መተማ ላይ ኔትወርክ ቢያጣም፣ አስቀድሞ ዝቅተኛ ዋጋ ወስኖ በጽሑፍ ትእዛዝ የተወለት አባል አዲስ አበባ ሆኖ ሊሸጥለት ይችላል።